ቅጠል ሠላሳ አንድ

ልጁ ናት ያመጣችው፣ ከሸዋበር በእግር መጥታ፤
«እንዳላቆሽሽ» ብላ ጫማዋን በሩ ላይ ትታ።
ጉም ነበር፤ ጦሳ ጠፍቷል። ሲባጎውን በጥርሷ ፈታች፤
ማዳበሪያው ሲከፈት ዱቄት ቦንኖ ጠረጴዛዬን ሞላ።
«የአባቴ ነው» አለችኝ፤ «የጻፈው ነው። ሌላ
ምንም አልተወልንም።»
«ዱቄቱስ?»
«ከተማው ሲያዝ በርሜል ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ደበቅነው።
ጤፉን ጫኑት። ይሄን በተኑት። ሲወጡ ለቀምነው።»

የሃምሳ አለቃ ይማም አራጌ፤ የሬዲዮ ሠራተኛ፣
ስድስት ዓመት ሰሜን ግንባር፤ ኋላም የሌሊት ዘበኛ
ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር ላይ።
አንድ መጽሐፍ አሳተመ፣ ስልሳ አራት ገጽ፣ በሳንሱር እጅ ያለፈ፤
ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀው፣ ጻፈ አልጻፈ።

ሥራዬ ደረቅ ነው። እርሳስ ቀርጬ እቀመጣለሁ፤
ቀለም ክልክል ነው። የዛገ አግራፍ በቀስታ እነቅላለሁ፤
አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከመሐል ወደ ዳር፤
ቁጥሩን ከታች፣ ከቀኝ ጥግ፣ ወረቀቱን ሳልጭር።
ከዚያ ካርዱ፦ መጠን። ጉዳት። የጻፈው እጅ የማን ነበር።

አንድ፤ የቀለብ መረከቢያ። ፊቱ ላይ ሽሮ፣ ዘይት፣ ኮቾሮ፤
ከጀርባው ስንኝ፣ ከወገቡ ተሰብሮ።
ሰባት፤ የሲጋራ ፓኮ፣ ተተርትሮ፣ ተዘርግቶ፤
«ብርድ ነው» ይላል፣ በቃ። ሰዓቱን መዝግቦ፣ ቀኑን ረስቶ።
አሥራ ሁለት፤ የመልእክት ቅጽ። «ከ» በሚለው ስሙን ጽፏል፤
«ለ» የሚለው ባዶ ነው። ከሥሩ ግጥም በቅሏል።

አንዱ ግጥም ግን አራት ጊዜ መጣ።
በእርሳስ፦ ሙሄ፣ የመርሳው ልጅ፣ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ሞተ።
በቀለም፦ ጓዴ ውሃ እንደጠማው ሞተ።
በታይፕ፦ ጀግናው ለአገሩ ወደቀ።
ከማተሚያ ቤት በመጣው ማረሚያ፣ በቅጠል ሠላሳ አንድ፣
«ወደቀ» ላይ ቀይ መስመር፤ ከጎኑ የማላውቀው እጅ
ቀጥ ባለ የቢሮ ፊደል፦ «ገሰገሰ» ይባል።
ተባለ።
መጽሐፉ እኛ ዘንድ አለ፤ ከመደርደሪያ አውርጄ ገለጥኩት፤
ሙሄ የለም፣ ውሃም የለም፣ ሰው ሁሉ ይገሰግሳል፤
አንድ የጠማው ሰው ሳላገኝ ከደንኩት።

ይኸው ቅጠል የጫማ ዱካ አለበት።
በዚያ ሰሞን አንዱ ቆሞበታል፣ ከነጭቃው፤
ማን እንደሆነ እንጃ። ተረከዙ ያረፈው ከኅዳጉ ነው።
ብሩሼን አነሣሁ፤ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ቆሻሻ ይጠረጋል፤
ጎንበስ ስል አየሁት።
ከቀዩ ቀለም አጠገብ ይማም በእርሳስ ጽፎ
ኋላ በላጲስ ያጠፋው (ፈርቶ ይሁን፣ ታክቶ ይሁን)፣
የእርሳሱ ጠባሳ ወረቀቱ ላይ ተርፎ፣
የማያውቀው ሰው ጭቃ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ጠባሳውን ሞልቶ
«ሙሄ ነው» ይላል።

ብጠርገው ዱካው ይሄዳል። ስሙም አብሮ።

«የቱ ነው ትክክሉ?» አለች፣ አራቱንም በጣቷ ጫፍ እየነካች።
እኔ እንጃ። «የመጨረሻ ቅጂ» የሚለውን መስመር ባዶውን ተውኩት።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ እጅ፣ ሦስት።
አንደኛው የይማም አራጌ። ሁለተኛው የመንግሥት።
ሦስተኛው አይታወቅም፤ ጫማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር ግድም።
«ጉዳት» በሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ።
ብሩሹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

መረከቢያው ላይ ፈረመች፦ ከድጃ ይማም።
ፊደሏ የአባቷን ይመስላል፣ «ማ»ን እግሯን ታስረዝማለች።
ማዳበሪያውን በር ላይ ወጥታ አራገፈች፣ አጣጠፈች፤
«ይሄን ልውሰደው?» አለችኝ፤ «ነገ ወፍጮ ቤት ነኝ።»
ውሰጂው አልኳት።
ጫማዋን አጠለቀች።